«ምን አገባህ?» — የሄግ ሙግት በፎንቆ መድረክ



በአማርኛ ሙግት ውስጥ ተሟጋችን ክርክሩ ሳይጀመር ከአደባባይ የሚያስወጣ አንድ አጭር ጥያቄ አለ፤ ይኸውም «ምን አገባህ?» የሚለው ነው። ተጠያቂው እውነት ይናገር ሐሰት፣ ማስረጃው ይጽና አይጽና፣ ጥያቄው ለዚያ ደንታ የለውም። ዓላማው ነገሩ እንዳይሰማ ማድረግ ነው። ሐምሌ 11 ቀን 1958 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1966) በሄግ የሚገኘው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ለኢትዮጵያና ለላይቤሪያ የሰጠው ውሳኔ፣ የሕግ ቋንቋ ልብሱ ተገፎ ሲታይ፣ ከዚህ አጭር ጥያቄ ብዙም የራቀ አልነበረም። ሁለቱ አገሮች ደቡብ አፍሪቃ በደቡብ ምዕራብ አፍሪቃ ሕዝብ ላይ የምትፈጽመውን የዘር አድልዎ በመቃወም ከአምስት ዓመት በላይ ከተሟገቱ በኋላ፣ ፍርድ ቤቱ ድርጊቱ ትክክል ነው ወይም ስሕተት ነው ሳይል፣ ከሳሾቹ በጉዳዩ ላይ የራሳቸው የሆነ ሕጋዊ መብት ወይም ጥቅም አላሳዩም በማለት ክሱን ውድቅ አደረገው።

የዚህ ንግግር ጉዳይ ያ ሙግት ለዛሬ ተመልካች በቴአትር መልክ እንዴት ሊቀርብ እንደሚችል ነው። ለምሳሌ የተመረጠችውም አዲስ አበባ ሳትሆን በሀዲያ ምድር፣ ከሆሳዕና ብዙ ሳትርቅ የምትገኘው የአናሌሞ ከተማ ፎንቆ ናት። ምርጫው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ምክንያቱም በቦታው ይገለጣል።

አስቀድሞ ታሪኩን በአጭሩ ማስታወስ ያስፈልጋል። ዛሬ ናሚቢያ የምትባለው ደቡብ ምዕራብ አፍሪቃ የጀርመን ቅኝ ግዛት ነበረች። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የመንግሥታት ማኅበር ለደቡብ አፍሪቃ በሞግዚትነት ሰጣት። ሞግዚት የሙት ልጅን ሀብትና ደኅንነት እንደሚጠብቅ ሁሉ፣ ደቡብ አፍሪቃም የአገሬውን ሕዝብ ደኅንነትና ዕድገት ትጠብቅ ዘንድ ግዴታ ገብታ ነበር። ነገር ግን የራሷን የዘር መለያየት ሥርዓት፣ ማለት አፓርታይድን፣ ወደዚያው አሻገረችው። ከሰሐራ በስተደቡብ ካሉት የጥቁር ሕዝብ መንግሥታት መካከል የመንግሥታት ማኅበር አባል የነበሩት ኢትዮጵያና ላይቤሪያ ብቻ ስለነበሩ፣ ጉዳዩን ወደ ፍርድ ቤት ለማቅረብ የተሻለ በር ያላቸው እነርሱ ሆነው ተገኙ። ነፃ የአፍሪቃ አገሮች በሰኔ 1952 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተሰብስበው ከተመካከሩበት በኋላ፣ ክሱ ጥቅምት 25 ቀን 1953 ዓ.ም. ለፍርድ ቤቱ ቀረበ። በታኅሣሥ 1955 ዓ.ም. ፍርድ ቤቱ በ8 ድምፅ ለ7 ጉዳዩን ለማየት ሥልጣን አለኝ አለ። ከመጋቢት 1957 እስከ ኅዳር 1958 ዓ.ም. ድረስም በ99 ችሎቶች የቃል ክርክር ተሰማ።

በዚህ መካከል የዳኞቹ ወንበር ተለዋወጠ። አንድ ዳኛ ሞቱ፤ አንዱ ታመሙ፤ አንዱም በዚህ ጉዳይ እንዳይቀመጡ ሆነ። የመጨረሻው ድምፅ ሲቆጠር 7 ለ7 ተከፈለ። የፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት የነበሩት አውስትራሊያዊው ሰር ፐርሲ ስፔንደር ሁለተኛ ድምፃቸውን ጨምረው ሚዛኑን ወደ ደቡብ አፍሪቃ አዘነበሉት። ለጸሐፌ ተውኔት ከዚህ የበለጠ የተዘጋጀ መጨረሻ ማግኘት አስቸጋሪ ነው፤ ከዚህ የበለጠ አስቸጋሪ መጨረሻም የለም። ተመልካቹ ስለ ዘር እኩልነት ፍርድ ሊሰማ ተቀምጦ ሳለ የሚሰማው ስለ በሩ እንጂ ስለ ቤቱ አይደለምና።

እንዲህ ያለውን ታሪካዊ ክርክር ወደ መድረክ ማምጣት በሌላው ዓለም የተለመደ ሥራ ሆኗል። የሄግ የቃል ክርክር ከመከፈቱ ከአንድ ወር በፊት፣ የካቲት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1965)፣ በእንግሊዝ አገር በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የተማሪዎች የክርክር ማኅበር ውስጥ ጥቁር አሜሪካዊው ደራሲ ጄምስ ባልድዊንና የወግ አጥባቂዎቹ አፈ ቀላጤ ዊልያም በክሊ ፊት ለፊት ገጠሙ። የክርክሩ ርእስ የአሜሪካ የብልጽግና ሕልም የቆመው በጥቁሩ ሕዝብ ኪሳራ ላይ መሆን አለመሆኑን የሚመለከት ነበር። ባልድዊን በ544 ድምፅ ለ164 አሸነፈ። የኒው ዮርኩ የኤሌቬተር ሪፔር ሰርቪስ ቡድን ይህንኑ ክርክር በጆን ኮሊንስ አዘጋጅነት እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ ለመድረክ አቅርቦታል፤ በመጨረሻም ባልድዊንን ከወዳጁ ከጸሐፌ ተውኔት ሎሬን ሃንስቤሪ ጋር የሚያገናኝ አጭር ትዕይንት ጨምሮበታል። ቀደም ሲልም ፔተር ቫይስ የፍራንክፈርቱን የአውሽቪትስ ችሎት መዝገብ ወደ ተውኔት ለውጦ፣ በጥቅምት 1958 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1965) በአንድ ሌሊት በብዙ የጀርመን ቴአትር ቤቶች እንዲታይ አድርጓል። በለንደን ደግሞ የጥቁሩን ወጣት የስቲቨን ሎረንስን ግድያ የመረመረው ጉባኤ ቃል በሪቻርድ ኖርተን ቴይለር ተመርጦና ተሰናድቶ እ.ኤ.አ. በ1999 በትራይሲክል ቴአትር ታይቷል።

ከእነዚህ ሥራዎች አንድ የጋራ ትምህርት ይገኛል። የመዝገብ ተውኔት ኃይሉ ከጌጥ ሳይሆን ከቁጥብነት ይመጣል። አዘጋጁ ሙዚቃና እንባ ሲጨምርበት ተመልካቹ «ይህ ተውኔት ነው» ብሎ ይዝናናል። ቃሉ እንደተነገረ ሲቀርብለት ግን «ይህን ሰው ከልቡ ተናግሮታልን?» ብሎ መጠየቅ ይጀምራል።

ይሁን እንጂ የውጭው ምሳሌ እንዳለ ቢገለበጥ አይበቅልም። የካምብሪጁ ክርክር ጌቶች በሚነጋገሩበት ወግ፣ በቀልድና በጨዋ ስድብ የታሸ ነው። የኢትዮጵያ ተመልካች የሚያውቀው የክርክር ወግ ሌላ ነው። «በላ ልበልሃ» እና «ተጠየቅ» የሚባሉት የሙግት ሥርዓቶች ራሳቸው የተሟላ ቴአትር ነበሩ። ተሟጋቹ ነጠላውን አስተካክሎ፣ ዘንጉን ይዞ፣ በምሳሌና በግጥም ባላጋራውን ያፋጥጣል፤ ይወራረዳል፤ ዋስ ይጠራል፤ እማኝ ይቆጥራል። ከሳሽና ተከሳሽ ነጠላ ለነጠላ ታስረው፣ ማለት ቁራኛ ሆነው፣ አንድ መንገድ አብረው ይሄዱ ነበር። የአገሪቱ ዘመናዊ ተውኔትም ለችሎት ባዕድ አይደለም። የአቡነ ጴጥሮስ የመጨረሻ ሰዓትና በጣሊያን ወራሪዎች ፊት መቆማቸው በመኮንን እንዳልካቸው «የደም ድምፅ»፣ ኋላም በጸጋዬ ገብረ መድኅን «ጴጥሮስ ያቺን ሰዓት» ተውኔት ሆኗል። ስለዚህ የሄግን ጠበቆች ጥቁር ካባ አልብሶ አፍ ለአፍ ከማስቀመጥ ይልቅ፣ የደቡብ አፍሪቃውን ጠበቃ ደ ቪልየርስንና የከሳሾቹን ጠበቃ ኧርነስት ግሮስን ቁራኛ አስሮ ማቆም ለተመልካቹ ነገሩን ባንድ ዓይን ያስረዳዋል። አንዱ ወዲህ ሲጎትት ሌላው መንገዳገዱ ራሱ ቃለ ተውኔት ነው።

አሁን ወደ ፎንቆ መምጣት ይገባል።

ከ1990ዎቹ ዓ.ም. ወዲህ ከሀዲያና ከከምባታ ምድር ወደ ደቡብ አፍሪቃ የሚሰደደው ወጣት ቁጥር ብዙ ነው። መንገዱ በኬንያ፣ በታንዛኒያ፣ በማላዊና በሞዛምቢክ ያልፋል። መጋቢት 15 ቀን 2012 ዓ.ም. በሞዛምቢክ ቴቴ አውራጃ በአንድ የጭነት መኪና ኮንቴይነር ውስጥ ታፍነው የሞቱ 64 ሰዎች ሲገኙ፣ ኢትዮጵያውያን ሳይሆኑ እንዳልቀሩ ተነግሮ ነበር፤ ልጆቹን በዚያ መንገድ የሸኘ ቤት ሁሉ ወሬውን የሰማው እንደ ራሱ መርዶ ነው። መንገዱን አልፎ የደረሰው ደግሞ ሱቅ ከፍቶ፣ ሸቀጥ ነግዶ፣ ለወላጆቹ ቤት ይሠራል፤ የታናሾቹን የትምህርት ቤት ክፍያ ይልካል። በግንቦት 2000 ዓ.ም. በደቡብ አፍሪቃ ከተሞች በመጤዎች ላይ በተነሣው ሁከት ከ60 የማያንሱ ሰዎች ሲገደሉ፣ እንዲሁም በ2007 እና በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ ሁከቱ ሲያገረሽ፣ ስልክ ይዞ ያነጋ ወላጅ በእነዚህ ከተሞች ጥቂት አልነበረም።

እንግዲህ ይህ ተመልካች የሄግን ሙግት ሲያይ የሚያየው የሩቅ ታሪክ አይደለም። ኢትዮጵያ ለደቡብ አፍሪቃ ጥቁር ሕዝብ ነፃነት ዓለም አቀፍ ችሎት የቆመች፣ በ1954 ዓ.ም. ኔልሰን ማንዴላን በኮልፌ የጦር ትምህርት ያስተማረች አገር ናት። የተመልካቹ ልጅ ደግሞ በዚያችው ነፃ በወጣች አገር «ወደ መጣህበት ሂድ» ይባላል። እዚህ ላይ ለአዘጋጁ አንድ ቀላል መንገድ ተከፍቶ ይጠብቀዋል፤ ይኸውም ትርኢቱን የውለታ መጠየቂያ ማድረግ ነው። «እንዲህ አደረግንላቸው፤ እንዲህ መለሱልን» የሚለው ቃል አዳራሹን ያስጨበጭባል፤ ተመልካቹንም ያስለቅሳል። ነገር ግን ሙግቱን ይገድለዋል። በጆሃንስበርግ ሰፈር ሱቅ የሚያቃጥለው ሰው የሚለውና በሄግ ሰባቱ ዳኞች ያሉት አንድ ቃል መሆኑን ማሳየት ግን ሌላ ነገር ነው። ሁለቱም «ምን አገባህ?» ብለዋል። ልዩነቱ አንዱ በዱላ፣ ሌላው በላቲን የተደገፈ መሆኑ ነው።

ይህ ከተባለ ዘንድ፣ ሥራውን የሚሞክር ባለሙያ የሚያጋጥሙት ችግሮች አራት ናቸው።

የመጀመሪያው የርዝመትና የቋንቋ ችግር ነው። 99 ችሎት ወደ አንድ ሰዓት ተኩል መቀነስ አለበት፤ የሚቀነሰው ግን እኩል በእኩል መሆን ይገባዋል። የአንዱ ወገን ንግግር ሙሉ፣ የሌላው ቁርጥራጭ ሆኖ ከቀረበ ተመልካቹ ሚዛኑ እንደተደፋ ወዲያው ያውቃል። ቋንቋውን በተመለከተ፣ የሄጉ ክርክር ራሱ በእንግሊዝኛና በፈረንሳይኛ፣ በአስተርጓሚ የተካሄደ ነበር። በሀዲያና በከምባታ ከተሞች በጉባኤም በስብከትም ጊዜ ተናጋሪና አስተርጓሚ ጎን ለጎን ቆመው ማየት የተለመደ ነው። ስለዚህ አስተርጓሚው በትርኢቱ ውስጥ ራሱን የቻለ ባለ ድርሻ ተዋናይ ሊሆን ይችላል። ጠበቃው በአማርኛ ሲናገር፣ አስተርጓሚው በሀዲይሳ ወይም በከምባቲሳ ይመልሰዋል፤ አንዳንድ ቃል ጋ ሲደርስም ይቆማል። ለምሳሌ «ሴራ» የሚለው ቃል በእነዚህ ሕዝቦች ዘንድ የአባቶች ሕግና ደንብ ማለት ሲሆን፣ በአማርኛ ግን የተንኮል ምክር ማለት ነው። የአንዱ ሕግ በሌላው ጆሮ ተንኮል ሆኖ የሚሰማበት ቦታ፣ ስለ ሕዝቦች እኩልነት ለሚከራከር ተውኔት ትንሽ ስጦታ አይደለም።

ሁለተኛው ችግር የባላጋራው ብርታት ነው። የደቡብ አፍሪቃ ጠበቆች ወደ ሄግ የመጡት ጥላቻ ሊናገሩ አልነበረም። ሠንጠረዥ፣ የትምህርት ቤትና የሐኪም ቤት ቁጥር፣ እንዲሁም 14 ምስክሮችና ባለሙያዎች ይዘው ነበር። ያሉትም በአጭሩ ይህ ነው፤ ሕዝቦች በቋንቋ፣ በባህልና በዕድገት የተለያዩ ናቸው፤ አንዱ ሌላውን እንዳይውጠው እያንዳንዱ በየአገሩ፣ በየቋንቋው፣ በየአስተዳደሩ ለብቻው ይደግ። ይህ ቃል በፎንቆ አዳራሽ ሲነገር ተመልካቹ ራሱን በእሺታ ቢነቀንቅ ሊያስደንቅ አይገባም። ቋንቋው ለረጅም ዘመን ከትምህርት ቤትና ከችሎት ውጭ ሆኖበት የኖረ፣ ከ1983 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ ግን ልጁ በአፍ መፍቻ ቋንቋው ፊደል ሲቆጥር ያየ ሰው፣ «በየቋንቋችሁ እደጉ» የሚለውን ቃል በበጎ ቢሰማው ትክክል ነው። ፈሪ አዘጋጅ ይህን ክፍል ያሳጥረዋል፤ ወይም ጠበቃውን ክፉ መልክ ሰጥቶ ድምፁን ያሻክረዋል። ደፋር አዘጋጅ ግን ጠበቃው በለሰለሰ ድምፅ እስከ መጨረሻው እንዲናገር ይተወዋል፤ ተመልካቹም ራሱን እንደነቀነቀ እንዲያስታውስ ያደርጋል።

ምክንያቱም መልሱ በዚያው መዝገብ ውስጥ ይገኛል። ከተቃወሙት ሰባት ዳኞች አንዱ የነበሩት ጃፓናዊው ኮታሮ ታናካ በጻፉት የልዩነት ሐሳብ ነገሩን ለይተው አስቀምጠውታል። የሐሳባቸው ፍሬ ነገር እንዲህ ነው፤ ለአንድ ሕዝብ ቋንቋና ትምህርት ቤት የተለየ ጥበቃ ቢደረግ ፍትሕ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ጥበቃው ባለቤቱ ሲፈቅድ የሚቀበለው፣ ሲፈልግም የሚተወው እንጂ በግድ የሚጫንበት ሊሆን አይገባም። ሰውን ከሰው ለይቶ የሚያስተናግድም ሁሉ፣ ልዩነቱ ተገቢ መሆኑን የማስረዳት ሸክም በራሱ ላይ ነው። ስለዚህ ጥያቄው ስለ መለያየትና አለመለያየት ብቻ ሳይሆን፣ «በሩን ማን ዘጋው? ከውስጥ ነው ወይስ ከውጭ?» የሚል ይሆናል። ይህን መልስ የፎንቆ ሽማግሌ ከጃፓናዊው ዳኛ ባላነሰ ሊረዳው ይችላል፤ ከመድረክ የሚጠበቀውም ክርክሩን እስከዚያ ድረስ ሳያጎድል ማድረስ ነው።

ሦስተኛው ችግር የሌሉት ሰዎች ናቸው። በሄግ ችሎት ደቡብ አፍሪቃ ምስክሮቿን ስትደረድር፣ ከሳሾቹ አንድም ምስክር አላቆሙም። ጠበቃው ግሮስ ክሱን በሕግ መርሕ ላይ ማቆምን ስለ መረጡ፣ የተበዳዩ ሕዝብ ኑሮ በራሱ አንደበት ሳይነገር ቀረ። ሄሬሮው፣ ናማውና ኦቫምቦው ስለ ራሱ በተካሄደው ሙግት ባለጉዳይ ሆኖ አልቆመም። ጸሐፌ ተውኔቱ ይህን ጉድለት ልብ ወለድ ምስክር ፈጥሮ ሊሞላው ይፈተን ይሆናል። አይገባውም። ጉድለቱ ራሱ የታሪኩ እውነት ነውና። የመዝገቡን ቃል ሳይነካ፣ ለተበዳዩ የተዘጋጀ ባዶ በርጩማ ከመጀመሪያው ትዕይንት እስከ መጨረሻው በመድረኩ መካከል ቢቀመጥ ይበቃል። ተዋንያኑ ሲያልፉ ሲያገድሙ ዞር ይሉለታል፤ ማንም ግን አይቀመጥበትም።

አራተኛውና ከሁሉ የከበደው ችግር፣ ተመልካቹ ንጹሕ ሆኖ ወደ ቤቱ የሚሄድ መሆኑ ነው። የሌላውን አገር ኃጢአት ማየት ደስ ያሰኛል። የካምብሪጁም ክርክር በእንግሊዝ አገር ስለ አሜሪካ የተደረገ እንደመሆኑ ከዚህ ፈተና የጸዳ አልነበረም፤ እንግሊዛዊው ተማሪ በገዛ አገሩ ስለሚደረገው አድልዎ ድምፅ ስጥ አልተባለምና። ለኢትዮጵያ ተመልካች ግን የሄግ መዝገብ ራሱ ማምለጫውን ዘግቶበታል። ደቡብ አፍሪቃ በክርክሩ መካከል ዳኞቹ ደቡብ ምዕራብ አፍሪቃን መጥተው እንዲያዩ ስትጋብዝ፣ በዚያው አንጻር ኢትዮጵያንና ላይቤሪያንም ሄደው እንዲጎበኙ ጠየቀች። ፍርድ ቤቱ በኅዳር 1958 ዓ.ም. ጥያቄውን አልተቀበለም። ጥያቄው ነገር ለማደባለቅ የተሰነዘረ የጠበቃ ብልሃት ነበር። ይሁን እንጂ ለፎንቆ መድረክ ከዚህ የተሻለ ትዕይንት አይገኝም፤ ዳኞቹ ሄደው ቢሆን ኖሮ ምን ያዩ ነበር?

በየካቲት 1957 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» ብለው በአዲስ አበባ ሰልፍ ወጥተዋል። በሄግ ስለ ደቡብ ምዕራብ አፍሪቃ ሕዝብ መብት የምትሟገተው አገር፣ በደቡብ ምድሯ ገበሬው በባለርስት መሬት ጭሰኛ ሆኖ ምርቱን የሚያካፍልባት አገር ነበረች። ይህ ሥርዓት በሕግ የተሻረው በየካቲት 1967 ዓ.ም. በመሬት አዋጅ ነው። ዳኞቹ ወደ ሀዲያ ገበያ ቢወርዱ ሌላም ነገር ባዩ ነበር። እንስራና ጀበና የምትሠራው ሴት፣ ቆዳ የሚያለፋውና ብረት የሚቀጠቅጠው ሰው «ፉጋ» በሚል ስም ተለይተው፣ መሬት ሳይኖራቸው፣ ከሌላው ጋር ባንድ ማዕድ ሳይበሉ፣ ሳይጋቡ፣ በሸንጎም ሳይቀመጡ ሲኖሩ ባዩ ነበር። የመሬት አዋጁ እነዚህን ባለ እጅ ሰዎች ባለ መሬት ለመሆን በር ከፈተላቸው፤ የኋለኞቹም ሕግጋት እኩልነታቸውን ደነገጉ። ነገር ግን ሕግ የጻፈውን እኩልነት የጋብቻ ሽማግሌ ሁሉ ገና አልፈረመበትም።

የሄግን ሙግት በፎንቆ የሚያሳይ ሰው ይህን ሳይነካ ቢያልፍ ሥራው ጌጥ ሆኖ ይቀራል። ቢነካው ደግሞ አደጋ አለበት። አደጋውም ተመልካቹ ይቆጣል የሚለው ብቻ አይደለም። የሚብሰው አደጋ፣ ሸክላ ሠሪዋን ለትምህርት መስጫ ወደ መድረክ አውጥቶ፣ የተለመደውን የመለየት ዓይን ዳግመኛ እንዲያያት ማድረግ ነው። ስለዚህ ሥራው ከልምምዱ ቀን አስቀድሞ ይጀምራል። የጽሑፉ ረቂቅ ሲነበብ ከባለ እጅ ቤተሰብ የመጡ ሰዎች በአንባቢዎቹ መካከል ይቀመጡ፤ የሚባለውንና የማይባለውን ከሌላው እኩል ይወስኑ። ተዋናይ መሆን የሚፈልግ ቢገኝም፣ ድርሻው የተበዳይ ድርሻ መሆን የለበትም፤ የፍርድ ቤቱን ፕሬዚዳንት ሰር ፐርሲ ስፔንደርን ይጫወት። በመድረክ ላይ የሚዛኑን ሁለተኛ ድምፅ ማን እንደሚይዘው ማየት ለአንድ ትንሽ ከተማ ከብዙ ስብከት የበለጠ ይናገራል።

የቀረው የመጨረሻው ነገር ነው። ድምፁ 7 ለ7 ሆኖ፣ ፕሬዚዳንቱ ክሱን ውድቅ አድርገው ሲነሡ መጋረጃው መውረድ አለበትን? የታሪኩ ቀጣይ ክፍል የሚያጽናና ነው። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ከፍርዱ በኋላ ሦስት ወር ጥቂት አለፍ ሲል፣ በጥቅምት 1959 ዓ.ም.፣ የደቡብ አፍሪቃን የሞግዚትነት ሥልጣን ሻረ፤ ያው ፍርድ ቤት በሰኔ 1963 ዓ.ም. ደቡብ አፍሪቃ በዚያ ምድር መቀመጧ ሕገ ወጥ መሆኑን በምክር አስተያየቱ ገለጸ፤ ናሚቢያም መጋቢት 12 ቀን 1982 ዓ.ም. ነፃ ወጣች። ነገር ግን ይህ በአንድ ተናጋሪ አንደበት ተደርድሮ ቢነገር ተመልካቹ «እንግዲያስ ነገሩ አልቋል» ብሎ ይነሣል። አላለቀም።

የተሻለው መጨረሻ ከአገሪቱ የጥንት ሕግ ይገኛል። ሁለት ባላጋራዎች በመንገድ ላይ ሲጣሉ አንዱ «በሕግ አምላክ!» ካለ ሌላው ይቆም ዘንድ፣ አላፊ አግዳሚውም የመንገድ ዳኛ ሆኖ ነገራቸውን ይሰማ ዘንድ ግዴታ ነበረበት። መንገደኛው የየት አገር ሰው ይሁን፣ የማን ዘመድ ይሁን አይጠየቅም። ጥሪውን መስማቱ ብቻ ዳኛ ለመሆን ያበቃዋል። የሄግ ሰባት ዳኞች ለኢትዮጵያ «ምን አገባሽ?» ሲሉ፣ የጥንቱ የመንገድ ዳኛ ሥርዓት ቀድሞውኑ መልስ ሰጥቶበታል፤ «ሰምቻለሁና ያገባኛል»። ስለዚህ ፕሬዚዳንቱ ከተነሡ በኋላ ቁራኛው እንደታሰረ ይቆይ፤ ከሳሽና ተከሳሽ ከመድረክ ወርደው በተመልካቹ መካከል ይሂዱ፤ አስተርጓሚውም አንድ ጊዜ ብቻ «በሕግ አምላክ!» ይበል። ከዚያ በኋላ መብራቱ በአዳራሹ ላይ ይብራ።

የእጅ ቆጠራ አያስፈልግም። ካምብሪጅ ድምፅ የቆጠረው እንግዶች ስለ ሩቅ ነገር ስለ ተከራከሩ ነው። ጎረቤት ጎረቤቱን በሚያይበት ከተማ እጅ ማስነሣት ወይ ማሳፈር ወይ ማስመሰል ይሆናል። ውይይቱ ግን ይኑር፤ ከአዳራሹም ውጭ ይቀጥል። በአባቶች ሸንጎ እንደሚደረገው፣ ተናጋሪው ሳይቋረጥ እስከ መጨረሻው ይሰማ።

አንዳንድ ባልደረቦች ይህ ሁሉ ቴአትር ሳይሆን ስብሰባ ነው ሊሉ ይችላሉ። ተቃውሞው ቸል የሚባል አይደለም። መድረክ ሰውን ማሰልቸት መብቱ አይደለምና። ነገር ግን በአማርኛ የመጀመሪያውን ተውኔት የጻፉት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም፣ ጣሊያን በ1927 ዓ.ም. በጄኔቭ ኢትዮጵያን «ከሠለጠኑት ጋር ልትቀመጥ አይገባትም» ብላ ስትከስ የአገሪቱ መልእክተኛ ሆነው የቆሙት ሰው ናቸው። በዚያው ዓመት በሐምሌ የተመሠረተው የሀገር ፍቅር ማኅበርም፣ ኋላ ቴአትር ቤት ሆኖ እስኪታወቅ ድረስ፣ ሥራውን የጀመረው ሕዝቡን በአደባባይ ንግግርና በመዝሙር በማንቃት ነው። የኢትዮጵያ ተውኔትና ስለ ሰው እኩልነት የሚደረገው ክርክር ገና ከልጅነታቸው ባንድ ቤት ያደጉ ናቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ከማኅበሩ የሚጠበቀው ትልቅ ገንዘብ ወይም ትልቅ አዳራሽ አይደለም። የሄጉ መዝገብ ታትሞ የሚገኝ ነው፤ የትምህርት ቤት አዳራሽ፣ ዐሥራ አራት ወንበር፣ አንድ ባዶ በርጩማና አንድ ረጅም ነጠላ ይበቃል። የሚያስፈልገው ጽሑፉን በትዕግሥት የሚያሳጥር፣ ሀዲይሳና ከምባቲሳ የሚያውቅ፣ የባላጋራውንም ቃል ሳይፈራ ሙሉ በሙሉ የሚያስነግር ባለሙያ ነው። እንዲህ ያለ ባለሙያ ሲገኝ፣ የፎንቆ ተመልካች በደቡብ አፍሪቃ ስላለው ልጁ ብሎ ወደ አዳራሹ ይገባል፤ ሲወጣም በገበያው ዳር እንስራ ዘርግታ የተቀመጠችውን ሴት ጉዳይ ይዞ ይወጣል። ቴአትሩ ከዚህ በላይ ፍርድ ሊሰጥ አይችልም፤ «ምን አገባህ?» የሚለውን ቃል ግን በቀላሉ ከአፍ የማይወጣ ሊያደርገው ይችላል።